የቅዳሜ አሥር ደቂቃ

በመብራት ማመንጫው በር ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። በራስጌው በነጭ ቀለም «ያለ ጭስ ያሳለፍናቸው ቀናት» የሚል ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን በጠመኔ የሚጻፍ ነውና ጠዋት ጠዋት ይለወጣል። የሚለውጠውም የጣቢያው አንጋፋ ተቆጣጣሪ ነው። የትናንቱን ቁጥር በንጹሕ ጨርቅ ያጠፋል፤ የዛሬውን ሲጽፍ ጣቱን ያከብዳል፤ ሲጨርስም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይልና፣ የጻፈውን ደብዳቤ ሳይልከው አንድ ጊዜ እንደሚያነብ ሰው፣ ቁጥሩን ያየዋል። ሐሙስ ዕለት የጻፈው ዘጠና ስድስት ነበር።

ይህ ሰው በጣቢያው «ባለጆሮው» ይባላል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ትልቁን የናፍጣ ሞተር ያከመው በጆሮው ነውና። ክንድ ተኩል የምትሆን የእንጨት ዘንግ አለችው። አንዱን ጫፍ ከሞተሩ ገላ፣ ሌላውን ከጆሮው ሥር ያስደግፍና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «ሦስተኛዋ ኩሽኔታ ዘይት አንሷታል» ካለ፣ ሦስተኛዋ ኩሽኔታ ተፈትታ ስትታይ ዘይት አንሷት ትገኛለች። ሞተሩን ደግሞ ሠራተኞቹ «እሜቴ» ይሏታል። እሜቴ ሳታጉረመርም ሥራ አትጀምርም፤ ከጀመረች ግን አታሳፍርም።

ቤቱ ከጣቢያው አጥር ጀርባ ነው። ሚስቱ የሆስፒታሉን አንሶላ እያጠበች በጓሮዋ ታሰጣለች። አንዲት ልጅ ወልደዋል። ልጅቷ ሕፃን ሳለች እሜቴ ስትጮኽ ትተኛ ነበር፤ እሜቴ ለጥገና ስትቆም ግን ነቅታ ታለቅሳለች። ጎረቤት «ልጅሽን ማን ያስተኛልሻል?» ሲላት እናትየው «ናፍጣ የምትጠጣ ሞግዚት አለችን» ትል ነበር።

ያቺ ሕፃን ዛሬ መሐንዲስ ናት። ከከተማው በስተጀርባ ባለው ድንጋያማ ሜዳ ላይ የፀሐይ ሰሌዳዎቹን ያስተከለች፣ ከአጠገባቸውም ቁም ሣጥን የሚያህሉትን ባትሪዎች ያስደረደረች እርሷ ናት። የመብራት መሥሪያ ቤቱ በአምስት ዓመት ውስጥ ስምንቱንም ጣቢያዎቹን ከጭስ ሊያላቅቅ ቃል ገብቷል፤ ቀዳሚው የአባቷ ጣቢያ ሆነ። እሜቴም ከዕለት ሥራ ወጥታ ተጠባባቂ ተባለች፤ ፀሐይና ባትሪ ባነሱ ጊዜ ለሆስፒታሉ እንድትነሣ ማለት ነው።

አባትየው በዚህ አልተከፋም። ሰው ያሳደገው ሥራ ሲቆምበት ይከፋዋል ተብሎ ቢጠበቅም፣ እሜቴ ዝም ባለችበት በመጀመሪያው ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የልብስ ስፌት መኪና ሲንቀጠቀጥ ሰማና «ለካ እዚህ ሰፊ አለ» ብሎ ተደነቀ። ሰፊው ሃያ ዓመት የኖረ ጎረቤት ነበር።

ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው። የሞተሩ መጽሐፍ፣ የቆመ ሞተር በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ ይሙቅ ይላል። ስምንት ሞተር በየሳምንቱ ሲያጨስ ግን ቃል የተገባው ንጽሕና ሙሉ አይሆንምና፣ መሥሪያ ቤቱ «ማሞቁን ለመቶ ቀን ትተን እንየው፤ ካልተጎዳች ትእዛዙን ለሁሉም እንሽረዋለን» ሲል ወሰነ። ይህን ሐሳብ በአለቆቿ ፊት ቆማ ያስረዳችው ልጁ ነበረች። ባለጆሮው በዚያ ስብሰባ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ይህ አይሆንም፤ ዘይቱ ከኩሽኔታው ይወርዳል፤ ፒስተኗ ይዝጋል፤ በተፈለገች ቀን አትነሣም» ሊል እጁን እስከ ደረቱ አነሣ። ልጁ ግን በመድረኩ ላይ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር፤ ወረቀቱም ይንቀጠቀጥ ነበር። እጁን መለሰ። ልጅን በአደባባይ ላለማሳፈር ብሎ ዝም ያለ አባት መልካም የሠራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን በጊዜው ያልተነገረ እውነት ሲቆይ ወለድ የሚወልድ ዕዳ ነው።

ወለዱ በሰባተኛው ቀን መጣ። ቅዳሜ ነበር፤ ሠራተኛው እኩለ ቀን ላይ ወጥቶ እርሱ ብቻ ተረኛ ሆኖ ቀረ። በአጥሩ ማዶ ያለው የእንጨት መሰንጠቂያ ይጮኽ ነበር። ወደ እሜቴ ቀርቦ ገላዋን ቢዳብሳት ቀዝቅዛለች። «አሥር ደቂቃ ብቻ» አላት። የሚያስነሣትን የታመቀ አየር ለቀቀላትና አጉረምርማ ተነሣች። የመሰንጠቂያው ጩኸት ድምፅዋን ዋጠው፤ ስሱን ጭስ ያየ ቢኖርም ከመሰንጠቂያው ነው ይላል። የሰዓት ቆጣሪዋ ከተበላሸ ዘመን አልፎታል፤ የሠራችበት ሰዓት የሚታወቀው ባለጆሮው በእጁ ከሚጽፈው መዝገብ ብቻ ነው። ሊጽፍ ብዕሩን አነሣ። ከዚያ በበሩ ሰሌዳ ላይ ጠዋት የጻፋትን ሰባት ቁጥር አሰበ፤ ዳቦ ጋጋሪው እንኳ ቆሞ «ጋሼ፣ ሰባት ደረሳችሁ፤ ደግ ነው» ብሎት ነበር። ብዕሩን መልሶ ኪሱ ከተተ። የጎደለችውን ጥቂት ናፍጣ ደግሞ «በቧንቧ የተንጠባጠበ» በሚለው ዓምድ ውስጥ አስገባት። ውሸት ብቻዋን ማደር አትችልም፤ ወዲያው እኅቷን ትጠራለች። እንዲህ እንዲህ እየተባለ አሥራ ሦስት ቅዳሜ አለፈ።

ሐሙስ ዕለት ፈታሾች ከዋናው መሥሪያ ቤት መጡ፤ ልጁም አብራ መጣች። እሜቴን ያለ ናፍጣ፣ በታመቀ አየር ብቻ ሁለት ዙር አዞሯት። እንደ አዲስ ዞረች።

ማታ ራት ላይ ልጅቷ ደስታዋን መያዝ አልቻለችም።

«አባዬ፣ ፈታሹ ምን አለ መሰለህ? ‹ዘጠና ስድስት ቀን የቆመች አትመስልም፤ በዚህ ሳምንት የሠራች ነው የምትመስለው› አለ።»

«አለ እንዴ» አለ አባትየው፣ ዓይኑን ከሰሐኑ ሳያነሣ።

እናትየው ዳቦውን እየቆረሰች «ሰውየው ዓይን አለው» አለች።

ልጅቷ ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ አነበበች። «‹ተጠባባቂ ሞተር መቶ ቀን ያህል ሳይነሣ ቢቆይ ጉዳት እንደማይደርስበት በተግባር ስለ ተረጋገጠ፣ በየሳምንቱ ማሞቅ አያስፈልግም።› ይኼ ለቀሩት ሰባት ጣቢያዎች መመሪያ ሆኖ ይወጣል። ሰባቱም ሆስፒታል አላቸው። የጣቢያው ተቆጣጣሪ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው፤ ፈርምልኝና ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶብስ ይዤው ልሂድ።»

ሰባት ሆስፒታል ሲባል ባለጆሮው የቆረሰውን ዳቦ ሰሐኑ ላይ መለሰ። «መነጽሬን ቢሮ ረስቼዋለሁ፤ ሳላነብ አልፈርምም» አለ።

«መነጽርህ ግንባርህ ላይ ነው» አለች ሚስቱ።

«ይሄኛው የሩቅ ነው።»

«እና ወረቀቱን ራቅ አድርገህ ያዘዋ።»

ልጅቷ ሳቀች። እርሱም ለመሳቅ ሞከረ።

ዓርብ ሊነግራት ቆረጠ። ወደ ድንጋያማው ሜዳ ይዛው ሄደችና በረድፍ በረድፍ በተተከሉት የፀሐይ ሰሌዳዎች መካከል አብረው ተመላለሱ። አንዱ ሰሌዳ ላይ አቧራ አይቶ በእጅጌው ወለወለው።

«ተው አባዬ፣ ይቧጨራል፤ በውሃ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፤ ቆሻሻ አይቼ ማለፍ አልችልም» አለ፤ ይህን ካለ በኋላም ራሱን ታዘበ። አፉን ለነገሩ ሲከፍት እርሷ ቀደመችው።

«ታውቃለህ፣ ሥራውን ሲሰጡኝ አለቃዬ ‹የዚያን ጣቢያ መዝገብ የሚይዘው ማነው?› አለኝ። አባቴ ነው አልኩት። ‹የባለጆሮው መዝገብ ከሆነማ ተቆጣጣሪ መላክ አያስፈልግም› አለ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።»

ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ስለ አቧራ አወራት።

ቅዳሜ በሰሌዳው ላይ ዘጠና ስምንት ብሎ ጻፈ፤ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረበት። ሠራተኛው ወጣ። የመሰንጠቂያው መጋዝ እንደ ወትሮው መጮኽ ጀመረ። ወደ እሜቴ ሄዶ እጁን በአየሩ መክፈቻ ላይ አሳረፈ። ባያሞቃት እሜቴ ትጎዳለች፤ ቢያሞቃት ሐሰቱ አሥራ አራት ይደፍናል። በሌሎቹ ሰባት ጣቢያዎች ደግሞ ሰባት ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ እነርሱ ወረቀቱን አምነው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ሞተሮቻቸውም በዝምታ ይዝጋሉ። ከዚያ አንድ ቀን፣ በአንዱ ከተማ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይጨልማል። ያን ጊዜ «ይህን ያረጋገጠው ማነው?» ቢባል የሚገኘው የልጁ ስም ነው። በሕይወቱ የፈራው አንድ ነገር ልጁ ከፊቱ ስታፍር ማየት ነበር፤ አሁን ግን ከዚያ የከፋ ነገር በገዛ እጁ ሲያበጅላት እንደ ከረመ ተገለጠለት።

እጁን ከመክፈቻው አንሥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

የጓሮው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከበሩ ሲደርስ ወኔው ከዳው፤ ቆመ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የልብስ መስጫው ገመድ ግን ባዶውን ተወጥሯል። ሦስት ሳፋ ሙሉ የታጠበ አንሶላ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱም በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ አጠገቡ ትጠብቃለች።

«እማዬ፣ በዚህ ፀሐይ ለምን አታሰጪውም?» ትላለች ልጅቷ። «ላግዝሽ?»

«ትንሽ ይቆይ።»

«ምኑ ነው የሚቆየው?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰባት ሰዓት በኋላ ነው የማሰጣው። ልማዴ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከሰሞኑ ወዲህ። አንቺ መሐንዲስ ነሽ፤ የአንሶላ ነገር ለኔ ተይልኝ።»

ባለጆሮው በበሩ ክፍተት ባዶውን ገመድ አየ። ጥላሸት ጎረቤት መርጦ እንደማይወርድ፣ ነፋሱም በቀትር ወደዚህ ጓሮ እንደሚነፍስ፣ በአሥራ ሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ አላሰበም ነበር። በሩን ገፍቶ ገባ።

«ዛሬ ማስጣት ትችያለሽ» አላት ሚስቱን። «አላስነሣኋትም።»

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ልጅቷ አንዴ አባቷን፣ አንዴ እናቷን አየች።

«ምንድነው ያላስነሣኸው?»

ያን ጊዜ ቆሞ ነገራት። አላሳጠረም፤ አላስጌጠም። የስብሰባውን ቀን፣ እስከ ደረቱ የተነሣውን እጁን፣ ሰባት ቁጥርን፣ «በቧንቧ የተንጠባጠበ» የሚለውን ዓምድ፣ አሥራ ሦስቱንም ቅዳሜ ተናገረ። ሲጨርስ ከሳፋው ጠርዝ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማ ነበር።

«ይኼ ሁሉ ለኔ ብለህ ነው?» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«ላንቺ ብዬ ዝም አልኩ። የዋሸሁት ግን ለራሴ ነው፤ ቁጥሩን ወደድኩት።»

«ስብሰባው ላይ ‹ተሳስተሻል› ብትለኝ ኖሮ ምን እሆን ነበር? እቀላ ነበር፤ አለቀ። አሁን እኮ ሰባት ከተማ ልልከው ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺስ?» ወደ እናቷ ዞረች። «አንቺም ታውቂ ነበር?»

እናትየው እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ባለጆሮ አባትሽ ብቻ መሰለሽ? ሠላሳ አንድ ዓመት በግድግዳ ሥር አስተኝታኝ፣ እሜቴን ከመጋዝ አልለይም? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅዳሜዎች ጥላሸቱ አንሶላው ላይ ነጠብጣብ ሠራ፤ ደግሜ አጠብኩት። ከዚያ ሰዓቱን ለየሁና እጠብቃለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ ባለጆሮው።

«ራስህ እስክትነግረኝ ነዋ። እኔ ከነገርኩህማ ‹ተያዝኩ› ትላለህ እንጂ ‹ተናዘዝኩ› መቼ ትላለህ?» ሳፋውን በእግሯ ገፋ አደረገች። «ግን እኔም አጥፍቻለሁ። የሸፈነ ከደበቀ በምን ይሻላል።»

ልጅቷ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። አልቀደደችውም። በርጩማው ላይ አስቀምጣ፣ ተንበርክካ፣ ያችን ዓረፍተ ነገር በቀጭን መሥመር ሰረዘችና ከጎኗ «ሞተሯ ቅዳሜ ቅዳሜ ሞቃለች» ብላ ጻፈች። ብዕሯ ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ተነሥታ «መዝገቡ የት ነው?» አለች።

ሁለቱ ወደ ጣቢያው ሄዱ። ባለጆሮው አሥራ ሦስቱን ቅዳሜዎች ከነቀናቸው አንድ በአንድ መዘገበ፤ በእያንዳንዱ ሥር «በጊዜው ሳልጽፈው ቀርቼ ዛሬ በእጄ የጻፍሁት» ብሎ ፈረመ። የናፍጣውንም ዓምድ አረመ። እርሷ ከጎኑ ቆማ፣ ትንሽ ልጅ ሳለች ፊደል ስትቆጥር ታደርግ እንደ ነበረው፣ መሥመሩን በጣቷ ትከተል ነበር። አሥራ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ደከመ፤ እስኪያርፍ ጠበቀችው እንጂ ብዕሩን አልተቀበለችውም።

«ዛሬስ?» አላት። «ዛሬ ካልሞቀች ትጎዳለች።»

«መጽሐፉ ምን ይላል?»

«አሥር ደቂቃ።»

«እንግዲያው አሥር ደቂቃ። ግን መጀመሪያ ጻፈው። ለእማዬም ንገራት።»

ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ «እቴ፣ አንሶላው ይቆይ» ብሎ ተጣራ።

«ቀድሞስ መች አሰጣሁት!» የሚል ድምፅ መጣ።

እሜቴ አጉረምርማ ተነሣች። ባለጆሮው የእንጨት ዘንጉን ከግድግዳው አንሥቶ ለልጁ ሰጣት። ጫፉን ከጆሮዋ ሥር አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። መጀመሪያ ፊቷ እንደ ተቋጠረ ነበር። ከዚያ ግንባሯ ፈታ አለ፤ ትከሻዋም ወረደ፤ አሥሩ ደቂቃ እስኪያልቅ ዓይኗን አልገለጠችም። አባትየው ያንን ፊት ያውቀዋል። ሕፃን ሳለች በእቅፉ ስትተኛ ብዙ ቀን አይቶታል።

ከዚያ ወደ በሩ ወጡ። ዘጠና ስምንትን በንጹሑ ጨርቅ አጠፋውና ዜሮ ጻፈ፤ እንደ ልማዱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየው። ዳቦ ጋጋሪው በብስክሌት ሲያልፍ አይቶት ቆመ።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ነካችሁ? መቶ ልትደፍኑ ሁለት ቀርቷችሁ።»

«እኔን ነው የነካኝ» አለ ባለጆሮው። «ቁጥሩ ሐሰት ነበር። የደበቅሁትም እኔ ነኝ።»

ዳቦ ጋጋሪው ቆቡን ነካ አድርጎ ሄደ። እስከ ማታ ድረስ ወሬው ከተማውን እንደሚያዳርስ ባለጆሮው ያውቅ ነበር። ቢሆንም ጀርባው ከሳምንታት በኋላ ቀና ያለ መሰለው።

አውቶብሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊነሣ ሲል ልጅቷ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ተናድጄብሃለሁ አባዬ።»

«ይገባኛል።»

«ገና እናደዳለሁ። ሰኞ እደውላለሁ።»

ሰኞ ደወለች። አለቃዋ «ለባለጆሮው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጻፍ» ማለቱን ነገረችው። ቀጥሎም፣ በሰባቱ ጣቢያዎች ማሞቁ እንዳይቀር፣ እያንዳንዱም ደቂቃ እንዲመዘገብ ወስኗል፤ መሥሪያ ቤቱም የንጽሕና ዕቅዱን ሲያስታውቅ ያቺን አሥር ደቂቃ ሳይደብቅ እንዲቆጥር ተስማምተዋል። «ለአንድ ጣቢያ በዓመት ስምንት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጭስ ይሆናል» አለችው። «ድሮ በአንድ ቀን የምናጨሰውን አያክልም። እውነቱ ራሱ ያን ያህል ጥሩ ነበር እኮ፤ ምን አስዋሸን?»

«አስዋሸን» ማለቷን አባትየው ልብ አለ። ራሷን ከእርሱ ጋር ስለ ደመረች እንባው መጣና ስልኩን ከጆሮው ትንሽ አራቀ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው በመጣ ጊዜ በቢሮው ግድግዳ ላይ፣ ከእንጨት ዘንጉ አጠገብ፣ በሚስማር ሰቀለው። «ጡረታ ስትወጣ ይዘኸው ልትመጣ ነው?» ብትለው ሚስቱ፣ «ለተተኪዬ ነው የምተወው» አላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባለጆሮው እኩለ ቀን ላይ ከጣቢያው በር ቆሞ የብረት ደወል ደወለ። በአጥሩ ዙሪያ ያሉት ቤቶች ልብሳቸውን ከገመድ አነሡ። እሜቴ አሥር ደቂቃዋን ጨረሰች፤ እርሱም መዘገባት። ከዚያ በጓሮው በር ገባና እጅጌውን ሰበሰበ።

«ዛሬ አንሶላውን እኔ ነኝ የማሰጣው።»

«አታውቅበትም።»

«አሥራ ሦስት ቅዳሜ አለብኝ።»

«ሦስቱን ብቻ ነው የደገምኩት፤ በሌሎቹ ቁጭ ብዬ ነው የጠበቅሁት።»

«መጠበቁም ይቆጠራል» አለና የመጀመሪያውን አንሶላ ከሳፋው አነሣ። ውሃውን በደንብ ስላልጨመቀው በክርኑ ወርዶ ጫማው ውስጥ ገባ። አንዱን ጫፍ ሲያሲዝ ሌላው አፈር ሊነካ ተንጠለጠለ፤ ገመዱ ላይም ዘሞ ቆመ። ሚስቱ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አየችው። ልታቃናው እጇን ልትዘረጋ ነበር፤ ተወችው። መቆንጠጫዎቹን በሽርጧ ይዛ አንድ በአንድ ታቀብለው ጀመር።